ምዕራፍ 6፦ ነጸብራቅ ጨለማ ይፈልጋል

ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ኤዤን አጄ እ.ኤ.አ. በ1925 ፓሪስ ውስጥ አቬኑ ዴ ጎብላን በሚባለው ጎዳና ላይ የልብስ መደብር መስታወቶችን አነሳ። ከፎቶዎቹ በአንዱ ሙሉ ልብስ የለበሱ የወንድ ማኒኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። ዋጋቸው የተጻፈበት ካርድ ልብሱ ላይ ተሰክቷል። ትኩር ብለን ስናይ ግን ማኒኪኖቹ ብቻቸውን አይደሉም። በግድግዳ ስጋጃ የሚታወቀው የጎብላን ፋብሪካ ሕንጻና የጎዳናው ዛፎች ከመንገዱ ማዶ መጥተው በመካከላቸው ገብተዋል። የቱ ከውስጥ፣ የቱ ከውጭ እንደሆነ እስኪለይ ዓይን ይንገላታል።

አጄ ያኔ 68 ዓመቱ ነበር። ኑሮው የፓሪስን መንገዶች፣ በሮችና ሱቆች እያነሳ ለሠዓሊዎች፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለሙዚየሞች መሸጥ ነበር። ካሜራው 18 በ24 ሴንቲ ሜትር የመስታወት ሰሌዳ የሚጎርስ ከባድ የእንጨት ሳጥን ነበር። እንዲህ ያለው ካሜራ በሦስት እግር ላይ ይተከላል፤ ምስሉ ከኋላው ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ ተገልብጦ ይታያል፤ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ተረጋግቶ ይመለከታል። ስለዚህ አጄ ዛፎቹን ሳያይ አነሳቸው ለማለት ይከብዳል። በማግስቱ ዓመት፣ በ1926፣ ሱሪያሊስት የሚባሉት አርቲስቶች መጽሔት የአጄን ፎቶዎች ያለ ስሙ አትሞ አወጣ። ለሰነድ የተነሳው ሥዕል ሕልም ለሚያሳድዱት ለእነዚህ አርቲስቶችም ምግብ ሆነ።

አሁን ወደ አንድ ተራ የሚመስል ነገር እንምጣ። በእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ነጸብራቁ ሁሉም ቦታ እኩል አይታይም። ነጭ ካርድና ነጭ ሸሚዝ ባለበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ጥቁር ኮት ላይና ከማኒኪኖቹ ጀርባ ባለው ጨለማ ላይ ግን ቅርንጫፍና መስኮት እስኪቆጠር ድረስ ጎልቶ ይወጣል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ይኸው ነው። ነጸብራቅ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያብረቀርቅ ነገር ይፈልጋል። መፈለግ ያለበት ግን ጨለማ ነው። የሚያብረቀርቅ ነገር የትም አለ፤ ከበስተኋላው ጨለማ ካላገኘ ግን የሚያሳየን ነገር የለም።

ስምንት በመቶ

ተራ መስታወት ፊት ለፊት ከሚመታው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ይህ ግን ከአንድ ገጹ ብቻ ነው። የሱቅ መስታወት የፊትና የኋላ ገጽ ስላለው በጠቅላላው 8 በመቶ ያህል ይመልሳል፤ የቀረው አብዛኛው ወደ ውስጥ ያልፋል። ይህ ቁጥር ቀንም ሌሊትም ያው ነው። በቀትር መንገዱን ሁሉ የሚያሳየው መስታወትና ማታ የውስጡን ዕቃ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው መስታወት የሚመልሱት እኩል ነው። ኮከብ ቀን ቀንም ሰማይ ላይ አለ፤ የሚሰውረው የሰማዩ ድምቀት ነው። ነጸብራቅም ሁልጊዜ መስታወቱ ላይ አለ፤ የሚሰውረው የሱቁ መብራት ነው።

በቁጥር እናስበው። የብርሃን መጠን በሉክስ ይለካል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንጻ ፊቱ ላይ 50,000 ሉክስ የፀሐይ ብርሃን አርፎበታል እንበል። የሱቁ የውስጥ መብራት ደግሞ 500 ሉክስ ይሁን። የ50,000 ስምንት በመቶ 4,000 ነው። ስለዚህ ነጸብራቁ ከውስጡ ዕቃ በስምንት እጥፍ ይበልጣል፤ መስታወቱ መልክ ማያ መስተዋት ሆኖ ያርፋል። ሰማዩ ደመነና የውጭው ብርሃን ወደ 6,000 ሉክስ ወረደ እንበል። ስምንት በመቶው 480 ነው፤ ውስጥና ውጭ ተካከሉ ማለት ነው። መሽቶ ውጭው 100 ሉክስ ሲሆን ግን ነጸብራቁ 8 ብቻ ይቀረዋል። ሱቁ አሸነፈ።

ሁለቱ ዓለሞች በአንድ ፎቶ ላይ እኩል የሚታዩት መሃል ላይ ባለው ሰዓት ነው። አዲስ አበባን የመሰለ ለምድር ወገብ የቀረበ ከተማ ላይ ፀሐይ ቁልቁል ስለምትወርድ ይህ ሰዓት ፈጥኖ ያልፋል። ጥርት ባለ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ብርሃኑ ደቂቃ በደቂቃ ይለወጣል፤ አንድ መስታወት ፊት ቆሞ መጠበቅ ከመስታወት መስታወት ከመሮጥ ይሻላል። በክረምት ግን ደመናው ይህንን ሚዛን ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሊያቆየው ይችላል። ብዙ ሰው ካሜራውን ሰብስቦ የሚቀመጥበት ወቅት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የምንቆምበት ማዕዘን ነው። 4 በመቶ ያልነው ፊት ለፊት ሲታይ ነው። ወደ ጎን እየሸሸን፣ ዓይናችን መስታወቱን ሊታከክ ሲቃረብ፣ የሚመለሰው ብርሃን ይጨምራል። መጀመሪያ ጭማሪው አዝጋሚ ነው። በኋላ ግን ይፈጥናል፤ ከቀጥታው በ80 ዲግሪ ዘንበል ብለን ስናይ ከአንድ ገጽ ብቻ የሚመለሰው ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። በእግረኛ መንገዱ ላይ እየሄድን ቀድሞን ያለው መስታወት ሰማይና ሕንጻ ብቻ የሚያሳየን፣ ደርሰንበት ስንዞር ደግሞ ድንገት ጫማና ቦርሳ የሚያሳየን ለዚህ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መሄድ መብራት እንደመጨመርና እንደመቀነስ ያገለግላል።

የትኛው የመንገድ ዳር?

ከዚህ ስሌት አንድ ቀላል ልማድ ይወጣል፦ መስታወቱ በጥላ ውስጥ፣ ማዶው በፀሐይ ውስጥ ሲሆን ነጸብራቁ ይደምቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና እንውሰድ። ጎዳናው ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚሄድ ጠዋት ላይ ፀሐይ ከምሥራቅ መጥታ በምዕራቡ ዳር ያሉትን ሕንጻዎች ፊት ትመታለች። የምሥራቁ ዳር ሱቆች ግን ገና ጥላ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ጠዋት በምሥራቁ ዳር ሆነው የዚያን ዳር መስታወት ያንሱ፤ ከሰዓት በኋላ ይሻገሩ። በተቃራኒው ቢያደርጉት ፀሐይ ራሱ መስታወቱ ላይ ታርፋለች። ያኔ አቧራው ያበራል፣ የጣት አሻራው ይታያል፣ ጥልቀት ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋል።

የመስታወቱ ዓይነትም ይለያያል። ዛሬ የምናውቀው ዝርግና እንከን የለሽ መስታወት የተገኘው የእንግሊዙ ፒልኪንግተን ኩባንያ በ1959 ይፋ ባደረገው ዘዴ ነው፤ የቀለጠ መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ እየተንሳፈፈ ራሱን ያስተካክላል። ከዚያ በፊት የተሠራ ተራ የመስኮት መስታወት ብዙውን ጊዜ ሞገድ አለው። ውስጡን ስናይ ሞገዱ ብዙም አያስቸግርም። ነጸብራቁ ላይ ግን የሕንጻው መስመር ይጥመለመላል፣ የመብራት ምሰሶ ይጣመማል። በአሮጌ ሕንጻ ላይ ያልተቀየረ መስታወት ያገኘ አንሺ ይህንን ጥምልምል ሊጠቀምበት ይችላል። በአዳዲሶቹ ፎቆች ላይ ያለው ሽፋን የተቀባ መስታወት ደግሞ ከተራው እጅግ የበለጠ ብርሃን ይመልሳል። ቀን ላይ ውስጡ ጨርሶ ስለማይታይ የሚገኘው አንድ የምስል ሽፋን ብቻ ነው፤ ለሰማይና ለደመና ይሆናል፣ ለሁለት ዓለም ግን አይበጅም። ድርብ መስታወት ሲሆን ነጸብራቁ ትንሽ ተዛንፎ ሁለት ጊዜ ይታያል። ይህንን ያላወቀ ሰው እጁ የተንቀጠቀጠ ይመስለዋል።

ጽሑፍ ደግሞ ለተመልካች መንገድ ይመራል። በሱቁ መስታወት ላይ የተጻፈው ስም በትክክል ይነበባል፤ ከማዶ ተንጸባርቆ የመጣው ታፔላ ግን ተገልብጦ ነው የሚታየው። ሁለቱ በአንድ ፎቶ ላይ ሲገናኙ ተመልካቹ ማንም ሳይነግረው የቱ ወዲህ፣ የቱ ወዲያ እንደሆነ ይገባዋል። ፎቶው ከመጠን በላይ ግራ አጋቢ ሲሆን አንድ የሚነበብ ቃል ማስገባት ይረዳል።

የአንሺው ጥላ

ጀማሪ ሁሉ የሚያማርረው አንድ ነገር አለ፦ ራሱ ፎቶው ውስጥ መግባቱን። ከዝርግ መስታወት ማምለጥ ቀላል ነው። ከካሜራዎ ተነስቶ መስታወቱን በቀጥታ የሚመታው መስመር ከፎቶው ክፈፍ ውጭ ካረፈ እርስዎ የሉም። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን መውጣት ይበቃል። ግን ከማምለጥ በፊት መግባቱ ምን እንደሚያስገኝ ማየት ይገባል።

ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው መስታወት ፊት ሲቆም አካሉ ከማዶ የሚመጣውን ብርሃን ይጋርዳል። በጥላው ቅርጽ ውስጥ ነጸብራቅ ስለማይኖር የሱቁ ዕቃ ወለል ብሎ ይታያል፤ ከጥላው ውጭ ያለው ሁሉ ደግሞ መንገድ ነው። አንሺው በራሱ አካል መስኮት ከፈተ ማለት ነው። ትከሻው የት እንዲያርፍ፣ ባርኔጣው የትኛውን ዕቃ እንዲገልጥ መምረጥ ይችላል።

ይህንን በተደጋጋሚ ካደረጉት አንዷ ቪቪያን ማየር ናት። በ1926 ኒው ዮርክ ተወልዳ አብዛኛውን ዕድሜዋን ቺካጎ ውስጥ በሞግዚትነት ስትሠራ የኖረችው ማየር ከ100,000 በላይ ፎቶዎች አንስታ ለማንም ሳታሳይ አስቀምጣ ነበር። በ2007 የዕቃ ማስቀመጫ ኪራይዋ ሳይከፈል በመቅረቱ ንብረቷ በጨረታ ተሸጠ፤ ሥራዋ የታወቀው በ2009 ከሞተች በኋላ ነው። በሱቅ መስታወትና በመልክ ማያ መስተዋት ራሷን ያነሳችባቸው ፎቶዎች ብዙ ናቸው። ብዙ ጊዜ የምትይዘው ሮሊፍሌክስ ደረት ላይ ተይዞ ከላይ ወደ ታች የሚታይበት ካሜራ ነው። ዓይን ላይ የሚያዝ ካሜራ ፊትን ይሸፍናል፤ ሮሊፍሌክስ ግን ፊትን ነጻ ይተዋል። ስለዚህ በነጸብራቁ ውስጥ ሴትዮዋ ትታያለች፣ ካሜራውም ይታያል፣ ሁለቱ ግን አይጋረዱም። ዛሬ ስልክ የያዘ ሰው ይኸንኑ ማድረግ ይችላል፤ ስልኩን ወደ ደረቱ ዝቅ ያድርግና ከላይ ይመልከተው።

አሜሪካዊው ሊ ፍሪድላንደር ደግሞ ጥላውንም ነጸብራቁንም እንደ ማንኛውም የመንገድ ዕቃ ፎቶው ውስጥ ያስገባል። አሜሪካን በመኪና እየዞረ ባነሳቸው፣ በ2010 በመጽሐፍ በወጡት ፎቶዎች ላይ ስፖኪዮ ዋና ባለ ድርሻ ነው። ከፊት ያለው መንገድ በመኪናው መስኮት ይታያል፤ ከኋላ የቀረው መንገድ በስፖኪዮው ውስጥ ይገባል። ካሜራ ፊትና ኋላን በአንድ ጠቅታ ሊያይ የሚችልበት ርካሹ መንገድ ይህ ነው።

ሁለት ርቀት፣ አንድ ፎከስ

ከብርሃን ቀጥሎ የሚያስቸግረው ፎከስ ነው። ነጸብራቁ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። በሌንስ ዓይን ግን ከመስታወቱ ኋላ፣ ነገሩ ከመስታወቱ ፊት ባለበት ርቀት ልክ ነው የሚገኘው። ከመስታወቱ 1.5 ሜትር ላይ ቆመናል፤ ማዶ ያለው ሕንጻ ከመስታወቱ 12 ሜትር ይርቃል። ለሌንሱ የሕንጻው ነጸብራቅ 13.5 ሜትር ላይ ነው። ከመስታወቱ 1 ሜትር ወደ ውስጥ የቆመው ማኒኪን ግን 2.5 ሜትር ላይ። ፎከሱን ካሜራው በራሱ እንዲመርጥ ከተውነው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን፣ አንዳንዴም መስታወቱ ላይ ያለውን አቧራ ይይዛል።

ሁለቱም ጥርት ብለው እንዲወጡ ከተፈለገ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ አፐርቸሩን፣ ማጥበብ ነው። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ ወይም ያንኑ በሚያህል ዲጂታል ካሜራ ላይ በf/11 ወደ 3.7 ሜትር ላይ ፎከስ ቢደረግ፣ ከ1.9 ሜትር ግድም ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ይጠራል። ማኒኪኑም ሕንጻውም ገቡ። በተቃራኒው አፐርቸሩን f/2 ላይ ከፍቶ አንዱን ብቻ መያዝም ይቻላል፤ ያኔ ሌላው የቀለም ጭጋግ ይሆናል። ኒው ዮርክ ውስጥ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሠራው ሶል ላይተር በዚህ ጭጋግ የታወቀ ነው፤ ላብ የያዘ መስኮት፣ ቀይ ጃንጥላ፣ የማይለይ ሰው። ቀለም ፎቶዎቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው የወጡት ግን በ2006 ነው። የስልክ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ሁለቱንም ሽፋን በቀላሉ ያጠራል። ጭጋጉን የሚፈልግ ሰው ግን በስልክ ይቸገራል።

ቮልሱና ፔጆው

እስካሁን ያልነው ለዝርግ መስታወት ነው። አሮጌ መኪና ጋ ስንደርስ ዝርግ ነገር ይጠፋል። ቮልስዋገን ቢትልን እንውሰድ። እስከ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻው እስኪሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተ መኪና ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም ቮልስ ዛሬም በየሰፈሩ ቆሞ ይገኛል። ኮፈኑ ክብ፣ ፓራፋንጎው ክብ፣ ጣሪያው ክብ ነው። ወደ ውጭ የጎበጠ ነገር ሁሉ ሰፊውን ዓለም አሳንሶ ያሳያል፤ ስለዚህ አንድ የቮልስ ፓራፋንጎ መንገዱን ከነዳርና ዳሩ ይውጣል።

በቅርብ ለማየት ቸርኬው ፊት ቁጭ እንበል። እስከ 1965 ድረስ በተሠሩት ቮልሶች ላይ የቸርኬው ክዳን እንደ ጉልላት ጎበጥ ያለ ክሮም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጠፍጠፍ ብሏል። ጎበጡን ክዳን የ20 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ ያለው የሉል ቁራጭ ነው ብለን እናስብ። በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ የሩቅ ነገሮች ሁሉ፣ ሕንጻውም ደመናውም፣ ከገጹ 10 ሴንቲ ሜትር ኋላ ተጨምቀው ይቀመጣሉ። ክዳኑን 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆነን ብናየው የራሳችን ምስል 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታያል። ስለዚህ ከጭረቱና ከአቧራው ጀምሮ እስከ ደመናው ድረስ ያለው ዓለም በ50 እና በ60 ሴንቲ ሜትር መካከል አለቀ። ሕንጻው ሩቅ ነው ብሎ ፎከሱን ወደ ሩቅ የሚወስድ ሰው ምንም ጥርት ያለ ነገር አያገኝም። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በf/16፣ ፎከሱ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ፣ ያንን አሥር ሴንቲ ሜትር ይሸፍነዋል።

ከጎበጠ ገጽ ማምለጥም ከባድ ነው። ዝርግ መስታወት ላይ አንድ እርምጃ ይበቃ ነበር። ጉልላት ላይ ግን በጣም ወደ ጎን ካልሄድን በቀር ከየትም ብንቆም ወደ እኛ የዞረ አንድ ነጥብ አለ፤ እዚያ ነጥብ ላይ እኛ አለን። ያለው አማራጭ ራቅ ብሎ መጠኑን ማሳነስ፣ ምስላችን ከክዳኑ ጠርዝ እንዲወጣ በጣም ወደ ጎን መሄድ፣ ወይም ጥቁር ለብሶ ከጨለማው ጋር መመሳሰል ነው።

ክሮም ብረት ስለሆነ ከመስታወት ብዙ እጥፍ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ብርሃን ይመልሳል። የፀሐይዋ ነጸብራቅ ፓራውልቱ ላይ ሲያርፍ ምንም ካሜራ አይችለውም። ብርሃኑን በአንድ ስቶፕ፣ ማለትም በግማሽ ያህል፣ ቀንሶ ማንሳት፣ ወይም የራስን አካል ወይም አንድ ዛፍ በፀሐይዋና በብረቱ መካከል ማስገባት ይረዳል።

ቀለሙ ግን ሌላ ነው። የመኪና ቀለም ላዩ እንደ መስታወት ነው፤ ፊት ለፊት 4 በመቶ ያህል ብቻ ይመልሳል። ይህ ለጥቁሩም፣ ለነጩም፣ ለቀዩም እኩል ነው። ጥቁር መኪና ከነጭ መኪና የበለጠ የሚያንጸባርቅ የሚመስለው ከሥሩ የሚፎካከረው ብርሃን ስለሌለ ነው። ነጭ ቮልስ ላይ ደመና ፈልጎ ማግኘት ያታክታል፤ ጥቁሩ ላይ ደመናው ከነጠርዙ ይነበባል፤ ቀዩ ላይ ደግሞ ነጩ ደመና ቀይ ከሥሩ ስለሚጨመርበት ሮዝ ይሆናል። ነጭ መኪና ብቻ ከተገኘ ዝቅ ብሎ በኮፈኑ ርዝመት አሻግሮ ማየት ነው፤ ዓይን ገጹን ሲታከክ ነጸብራቁ ለነጩም ይነሳል።

ሐረር የሄደ ሰው የሚያውቃቸው የፔጆ 404 ታክሲዎች ደግሞ የቮልስ ተቃራኒ ናቸው። ከ1960 ጀምሮ የተሠራው፣ ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና የነደፈው 404 ጎኑ ረዘም ያለና ከቮልስ ይልቅ ዝርግ ነው፤ መስመሩም ሹል ነው። በሩ ላይ የሚያርፈው ግድግዳ ሳይጨመቅ ሰፋ ብሎ ይዘረጋል፤ የበሩ መስመር ጋ ሲደርስ ብቻ ይሰበራል። ቮልስ ለሰማይና ለጠቅላላው ጎዳና፣ ፔጆ ለግድግዳና ለሚያልፍ ሰው ይመቻል።

ይህንን ጉዳይ ከፎቶ አንሺ በላይ የሚያውቀው ባትላሜራው ነው። የተጎዳ በር ወደ ቦታው መመለሱን ለማረጋገጥ የፍሎረሰንት መብራት ነጸብራቅ በቀለሙ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ያያል። መስመሩ ቀጥ ካለ ሥራው አልቋል፤ ከተጥመለመለ እዚያ ጋ ስቱኮው በዝቷል ወይም ቆርቆሮው ጎድጉዷል። በጣት የማይታወቅ ጉድለት በነጸብራቁ ላይ ይጋለጣል። አንሺም መኪናውን ከመክበቡ በፊት አንድ ቀጥ ያለ ነገር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የሕንጻ ጠርዝ፣ በገጹ ላይ ፈልጎ መስመሩ እንዴት እንደሚሄድ ቢከታተል የትኛው የመኪናው ክፍል ምን እንደሚያደርግ በቶሎ ይገባዋል።

የአሮጌ መኪና ባለቤት ደግሞ ለመኪናው ስስ ነው። ሳይጠየቅ ካሜራ ሲደገንበት ይቆጣል፤ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ራሱ በር ይከፍታል። «ጋሼ፣ መኪናዎ ሲያምር! ኮፈኑ ላይ ያለውን ሰማይ ባነሳ ቅር ይልዎታል?» ማለት በቂ ነው። «ቆይ፣ መጀመሪያ ልወልውለው» ካሉ ደስ ይበልዎ፤ አቧራ ብርሃን እየበተነ ጨለማውን ያነጣዋል፣ ጨለማው ሲነጣ ነጸብራቁ ይደክማል። ብቻ በደረቅ ጨርቅ እንዳይሆን፤ ቀለሙ ይጫራል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ፎቶ ማንሳት የተከለከለበት ግቢ ወይም ጥበቃ ያለበት ሕንጻ በመስታወቱ ውስጥ ከገባ፣ ካሜራው ወደ ሱቁ መዞሩ ጥበቃውን ላያሳምነው ይችላል።

ፖላራይዘር የሚችለውና የማይችለው

በ1808 ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤቲየን ሉዊ ማሉስ በምትጠልቅ ፀሐይ የተመቱትን የፓሪሱን የሉክሰምቡር ቤተ መንግሥት መስኮቶች በአንድ ካልሳይት ድንጋይ አሻግሮ ተመለከተ። ካልሳይት አንዱን ምስል ሁለት አድርጎ ያሳያል። ድንጋዩን ሲያዞረው ግን ከሁለቱ የፀሐይ ምስሎች አንዱ እየደበዘዘ፣ ሌላው እየደመቀ ሄደ። ከመስታወት የተመለሰ ብርሃን ከተራ ብርሃን እንደሚለይ፣ ንዝረቱ በአንድ አቅጣጫ እንደሚያደላ የታወቀው ከዚህ ተነስቶ ነው። ዛሬ ሌንስ ላይ የሚጠለቀው ማጣሪያ፣ ፖላራይዘር፣ የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው።

ለመስታወት የፖላራይዘሩ ጉልበት የሚበረታው ከቀጥታው 56 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብለን ስናይ ነው። እዚያ ማዕዘን ላይ ነጸብራቁን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። ፊት ለፊት ቆሞ የሚያዞረው ሰው ግን ከ1.5 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ከማጣት በቀር የሚያተርፈው የለም። ክሮም ላይም እንዲሁ፤ ብረት የብርሃንን ንዝረት ይህን ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ ስለማያደላው ፖላራይዘሩ ቢዞርም ባይዞርም ፓራውልቱ ያው ነው። ይህ ጉድለት ሲመስል ጥቅም አለው። የቀለሙን ነጸብራቅ አጥፍቶ የክሮሙን ብቻ ማስቀረት ይቻላል፤ ቀዩ አካል ጥልቅ ቀይ ይሆናል፣ ጎዳናው በክሮሙ መስመር ላይ ብቻ ይሄዳል።

ብዙዎች ፖላራይዘርን ለማጥፋት ብቻ ይጠቀሙበታል። ሩብ ዙር ቢጨምሩ ግን ተቃራኒውን ይሠራል፤ የመስታወቱን ነጸብራቅ ሙሉ በሙሉ ያሳልፋል፣ ከሱቁ ውስጥ የሚመጣውን ብርሃን ግን በግማሽ ይቀንሳል። ነጸብራቁ በውስጡ ዕቃ ላይ እጥፍ ጉልበት አገኘ ማለት ነው። በመኪና የጎንና የኋላ መስታወት ላይ ደግሞ ያልተጠበቀ እንግዳ ሊመጣ ይችላል። እነዚህ መስታወቶች ሲሰበሩ ወደ ጥቃቅን ጠጠር እንዲለወጡ በሙቀትና በቅዝቃዜ የጠነከሩ ናቸው። በፖላራይዘር ሲታዩ የዚያ ጭንቀት ምልክት እንደ ነጠብጣብ ይወጣል። ነጠብጣቡ ካልተፈለገ ፖላራይዘሩን ማውለቅ ነው፤ መስታወቱን መወልወል አይጠቅምም።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ

በነጸብራቅ የተሞላ ፎቶ ሲመረጥ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ነጸብራቁ ባይኖር ፎቶው ምን ያጣ ነበር? የሙሽራ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ መስታወት ላይ ማንኛውም ሕንጻ ቢንጸባረቅ ደስ ይላል፤ ግን ጌጥ ብቻ ነው። በዚያው መስታወት ላይ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ሰልፍ ቢያርፍና አንዲት ሴት ከነዘንቢሏ በቬሉ ጨለማ እጥፋት ውስጥ ብትገባ ፎቶው የሚለው ነገር አገኘ። ሁለቱ ሽፋኖች መነጋገር አለባቸው። ካልተነጋገሩ አንዱ ለሌላው ግርዶሽ ነው፤ ያኔ መጀመሪያውኑ ፖላራይዘሩን አዙሮ አንዱን ማስወጣት ይሻል ነበር።

እነዚህ ፎቶዎች ከውበታቸው ሌላ የሚሰጡት ነገር ደግሞ አለ። ተራ ፎቶ የመንገዱን አንድ ዳር ይመዘግባል፤ የመስታወት ፎቶ ግን ሁለቱንም ዳር፣ ከዋጋ ካርዱ እስከ ማዶው ሰገነት፣ በአንድ ጠቅታ ይይዛል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ፒያሳ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይጠፋውም። ከዚያ በፊት አንድ ሰው የጫማ ሱቅ መስታወት አንስቶ ከሆነ ዛሬ በፎቶው ላይ የሚፈለገው ጫማው ላይሆን ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን ፎቶው መነበብ አለበት። ስለዚህ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመንገዱን ስምና መስታወቱ በየትኛው ዳር እንደነበር ከፎቶው ጋር ይጻፉ። የተንጸባረቀው ሕንጻ ግራና ቀኙ ስለሚገለበጥ፣ ዳሩ ካልተጻፈ ከዓመታት በኋላ የቱ ሕንጻ የት እንደነበር ራሱ አንሺው እንኳ በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።